ለአምስት የተፈቀደ

ቫይረሱ ቤታችን የገባው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ያመጣችው አክስቴ ናት። ይህን ያወቅኩት ከትምህርት ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ነው፤ እናቴ ከሥራ ክፍሏ «ጉዴ ፈላ! ካንቺ ነው የመጣው፤ ካንቺ ነው!» ስትል ሰማሁ።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ስለ ቫይረስ የማውቀው አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ የሳለችልንን ብቻ ነበር፤ እሾህ የበቀለበት ኳስ፣ ከሥሩ «እጃችንን እንታጠብ» የሚል ጽሑፍ። ስለዚህ መጀመሪያ ሮጬ እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ሹራቤን ወደ ላይ ስቤ አፍና አፍንጫዬን ሸፈንኩና በተከፈተው በር አጮልቄ አየሁ።

እማዬ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። አክስቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«በሞቴ ይቅር በይኝ፤ እኔ መች አወቅኩ!» ትላለች አክስቴ።

«አንቺማ ምን ታደርጊ። አሁን ዋናው ነገር ወደ ሌሎቹ እንዳይዛመት ነው።»

እንዳይዛመት! ሹራቤን እስከ ዓይኔ ድረስ ከፍ አደረግኩት።

እማዬ የልብስ ቅድ ሠሪ ናት። እጅጌውን፣ አንገትጌውን፣ ኪሱን በየልኩ በኮምፒውተር እየሳለች ለስፌት ቤቶች ትልካለች። በዚያ ሳምንት የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይዛ ነበር፤ ከትንንሾቹ እስከ ጎረምሶቹ ድረስ ያለውን ልክ ሁሉ ጨርሳ ዓርብ ማስረከብ አለባት። አክስቴ ደግሞ ሰነድ ተርጓሚ ናት። ፕሪንተር ያለው እማዬ ዘንድ ብቻ ስለሆነ ከላፕቶፗ የገለበጠችውን ሁለት ገጽ ልታትም ፍላሿን እማዬ ኮምፒውተር ላይ ሰካች። ያን ጊዜ የእማዬ ፎልደሮች እልም ብለው ጠፉ። ይህን ሁሉ በቅጡ የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ የገባኝ፣ አክስቴ ሳታውቅ በሽታ ይዛ መጥታ እናቴን እንዳስያዘቻት ነው።

ስድስት ሰዎች ነበርን በዚያ ቤት። አባቴ የመጻሕፍት አራሚ ነው፤ ቤት ቁጭ ብሎ የሰው ስህተት ሲለቅም ይውላል፤ ከሥራ ውጭም ስለማያስችለው የዳቦ ቤቱን ማስታወቂያ ሳይቀር በእርሳስ አርሞ ከባለቤቱ ጋር ተኮራርፏል። ወንድሜ ኮሌጅ የገባ ሰሞን ነበር፤ ከማዳመጫው ጋር የተወለደ ነው የሚመስለው። አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ሠላሳ አራት ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ነው። አንድም ሰው ላይ ፈርዶ ባያውቅም ወንድሜ «ዳኛው» ይለው ነበር። እኔ አለሁ። ስድስተኛዋ አክስቴ ናት፣ የአባቴ እህት።

አክስቴ «ለሁለት ሳምንት» ብላ ሁለት ሻንጣ ይዛ ከመጣች ስምንት ወር ሆኗታል። የምትተኛው እኔ ክፍል ነው። ሻንጣዎቿ አልጋዋ ሥር ናቸው፤ ልብስ ስትፈልግ ትጎትታቸውና ከፍታ፣ አንዲት ነገር መዝዛ፣ ዚፑን እስከ ጫፍ መልሳ ትዘጋዋለች። ቁምሳጥኔን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ባዶ አድርጌላት ነበር፤ አንድ መስቀያ እንኳን አልሰቀለችበትም። ፍሪጅ ለመክፈት ታስፈቅዳለች። ምን እንብላ ስትባል «እናንተ ያላችሁት» ነው መልሷ። ለኔ የተነገረኝ «የቤቷ ጣሪያ እየታደሰ ነው» ተብሎ ነው። ስምንት ወር የሚታደስ ጣሪያ ያለው ቤት ምን የሚያህል ቢሆን ነው እያልኩ እደነቅ ነበር። ትዳሯን ጥላ እንደወጣች የሰማሁት ራሴ ለትዳር ስደርስ ነው።

ማክሰኞ ማታ ወንድሜ ማዳመጫውን አውልቆ የእማዬ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ። ይህ ብቻውን የነገሩን ክብደት ነገረኝ።

«ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀው ነው» አለ። «እማዬ፣ ይሄ አንቲቫይረስ መታደስ አለብኝ እያለ ስንቴ ጠይቆሻል! ሁልጊዜ ‹ኋላ አስታውሰኝ› ነው የምትይው?»

«ሥራ ላይ ሆኜ ብቅ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ምን ልበለው?»

«እሺ፣ ያንቺን አድናታለሁ። ችግሩ የአክስቴ ነው። የሷ ምንም መከላከያ የላትም፤ ባዶዋን ነው ያለችው። እስኪገኝላት ድረስ ተለይታ ትቀመጥ። ከማንም ጋር እንዳትነካካ።» ከዚያም ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ወደተጣለችው ፍላሽ እየጠቆመ፣ «ይቺንም ማንም እንዳይነካት! ቫይረሱ ያለው እሷ ላይ ነው» አለ።

እኔ ደግሞ እጅን በሳሙና መታጠብ ምን እንደሚያደርግ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሁሉም ራት ሊበሉ ሲነሱ እጄን ላስቲክ ውስጥ ከትቼ ፍላሿን አነሳኋት። መታጠቢያ ቤት ወስጄ በሙቅ ውሃና በሎሚ ሳሙና አሸኋት፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ጣቴ ስለማይገባ መጀመሪያ ያገኘሁትን የጥርስ ብሩሽ ተጠቀምኩ። የወንድሜ ነበር። ይህን የሚያውቀው ዛሬ ሲያነበው ነው።

በማግስቱ ፍላሿን አንስቶ አሸተታትና «ይቺ ነገር ለምንድን ነው ሎሚ ሎሚ የምትለው?» ሲል አንገቴን ደፍቼ ዳቦዬን ማኘክ ቀጠልኩ። እንዴት እንደተረፈች እኔም አላውቅም፤ ግን ስትደርቅ ሠርታለች። እኔ ዛሬ እንጀራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ እውነተኞቹን ቫይረሶች በየቀኑ አያለሁ። የዚያን ሳምንት ያህል ግን ፈርቻቸው አላውቅም።

ረቡዕ ከራት በኋላ «አንቺ ሂጂና የቤት ሥራሽን ሥሪ» ተባልኩ። እኔን የሚያሰናብት ወሬ ሁሉ ትልቅ ወሬ እንደሆነ ስለማውቅ ኮሪደሩ ላይ፣ የጫማ መደርደሪያው አጠገብ ተቀመጥኩ። አክስቴ ሳህን ለማጠብ ወጥ ቤት ገብታለች።

«መልእክቱን እዩት» አለ አባዬ። «‹አምስት ከአምስት ሞልቷል› ይላል። የአንቲቫይረሱ ፈቃድ ለአምስት ብቻ ነው።»

«ታዲያ ይሄን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው?» አለ ወንድሜ። «ከጓደኛዬ ክራክ አመጣለሁ፤ ያለ ፈቃድ የሚከፍተውን። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

እማዬ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ እዚያ ድረስ ሰማሁት። «ምን አልክ?»

«ሁሉም ሰው እኮ...»

«ሁሉም ሰው! ያ ሰውዬ የኔን የኮት ቅድ ቀድቶ ሲሸጥ ምን አለ? ‹ሁሉም ሰው ያደርገዋል› ነው ያለው። ሦስት ወር ዓይኔ እስኪጠፋ የሠራሁት! እኔ ቤት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰው ልፋት አይገባም። አለቀ።»

ወንድሜ ማዳመጫውን መልሶ አጠለቀ። እኔ ደግሞ የተነጋገሩት ስለ መድኃኒት መሆኑን አልተጠራጠርኩም፤ መድኃኒት አለ፣ ለአምስት ሰው ብቻ ነው የሚበቃው፣ ሰርቆ መውሰድ ደግሞ ነውር ነው። በጣቴ ቆጠርኩ። አባዬ፣ እማዬ፣ ወንድሜ፣ አባባ፣ እኔ። አንድ እጅ ሞላ። አክስቴን ልቆጥር ሁለተኛ እጄን ማንሳት ግድ ሆነብኝ።

በዚህ መሀል አባባ ጉሮሮውን ጠረገ። አባባ የፈቃድ ውሉን አሳትሞ በመስመሪያና በቀይ እርሳስ ሲያነብ ነው የዋለው። ሰው ሁሉ ሳያነብ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ያን ውል፣ እስከ መጨረሻው ለማንበብ የተቀመጠ ሰው በዓለም ላይ ከሱ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ድምፁን የችሎት አደረገው።

«አንቀጽ ሁለት፣ ትርጓሜ። ‹ቤተሰብ ማለት በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ በቋሚነት አብረው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።› በቋሚነት! ልብ በሉ። ጓደኛ፣ ጎረቤት፣ እንግዳ አይካተትም።»

«ለጊዜው የሷን እንተወው እንግዲህ» አለ አባዬ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለነገሩ ልትሄድ አይደል?»

ቀና ስል አክስቴ የታጠቡትን ሳህኖች እንደተሸከመች የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አላዩዋትም ነበር።

«ልክ ናቸው አባባ» አለች። እየሳቀች ነበር የምትናገረው፤ ሳህኖቹን ግን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። «እኔ ቋሚ አይደለሁም። እንዲያውም ልነግራችሁ ነበር፤ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አንዲት ጓደኛዬ ጋ ነው የምገባው።»

«ኧረ ማን ሂጂ አለሽ?» አለ አባዬ ደንግጦ።

«ማንም አላለኝም። ቆየሁ እኮ፤ በዛ።»

አባቴን ከብዙ ዓመት በኋላ ጠይቄው ነበር። በየሁለት ቀኑ «እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ» ስትለው የምር መሄድ የፈለገች መስሎት፣ እንዳንይዛት ብሎ ነው ለካ ያን ያለው። የሰው ዓረፍተ ነገር ሲያቃና የሚውል ሰው የገዛ እህቱን አንድ ቃል አላነበበም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ውስጥ እጄን አውጥቼ «ቋሚ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

አስተማሪያችን «የማያልፍ፤ ሁልጊዜ የሚኖር ማለት ነው» አለችኝ።

አክስቴ ቋሚ አይደለችም። ቅዳሜ ትሄዳለች። ቀኑን ሳይቀር ታውቀዋለች!

ከዚያ በኋላ እንደ እኔ ያለ አስታማሚ አልነበረም። ባልዲ እንዳታነሳ ነጠቅኳት። ብርቱካኔን ልጬ ሙሉውን ሰጠኋት። ስትቀመጥ ትራስ ከጀርባዋ፣ ስትቆም ወንበር ከኋላዋ አቀርባለሁ፤ አንዴ ወንበሩን ቶሎ ስላቀረብኩት ጉልበቷን መትቼ ልጥላት ነበር።

«ምን ሆነሻል የኔ ቆንጆ?» አለችኝ።

«የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?»

ትንሽ አሰበችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እዚህ ጋ። ትንሽ ብቻ።»

ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችው። ቧንቧው ረጅም ጊዜ ፈሰሰ፤ ስትወጣ ግን ፊቷ ቀልቷል እንጂ ፀጉሯ አልረጠበም። አንጀቴን በላችው። ያን ጊዜ ነው የወሰንኩት።

አባባ ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ሲያንጎላጅ ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ነው የሚተወው። ኢሜይሉንም መዝጋት ስለማይችል ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። የውሉ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ለጥያቄዎ» የሚል አድራሻ እንዳለ አይቼ ነበር። ወንድሜ ኮሌጅ ሲውል የሳልኳቸውን ሥዕሎች እንድልክለት ስላስተማረኝ አላላኩን አውቃለሁ። ችግሩ ፊደሉ ነው። አንዷን ሆሄ ፈልጌ እስክመታ አባባ ሁለት ጊዜ ያንኮራፋል። የጻፍኩት ይህን ነው፦

«ለተከበራችሁ የፈቃድ ሰዎች። እኛ ቤት ቫይረስ ገብቷል። ያመጣችው አክስቴ ናት፣ ሆን ብላ አይደለም። የናንተ መድኃኒት ለአምስት ሰው ብቻ ነው፣ እኛ ስድስት ነን። አክስቴ ቋሚ ስላልሆነች ቅዳሜ ትሄዳለች። እሷ ግን መሄድ አትፈልግም፣ ቧንቧ ከፍታ ታለቅሳለች። እባካችሁ የኔን ለሷ ስጧት። ወይም እኔ ትንሽ ስለሆንኩ ግማሽ ይበቃኛል። እናቴ ያለ ፈቃድ አይወሰድም ስላለች ነው የምጠይቃችሁ። ቶሎ በሉ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው።»

ከታች የእማዬን ስልክ ቁጥር ጻፍኩ። ሥራ ክፍሏ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተለጥፏል።

ዓርብ እማዬ ቅዶቿን በሰዓቱ አስረከበች። ከፈቃድ ሰዎቹ ግን ምንም አልመጣም። ከትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ የአባባን ኮምፒውተር ስመላለስበት «ምን ጠፍቶሽ ነው?» እያለ መነጽሩን ሲፈልግልኝ አመሸ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ሻንጣዎች የሳሎኑ በር አጠገብ ቆመዋል። አክስቴ ከነካፖርቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው። አባዬ «ላድርስሽ» ይላል፤ እሷ «ቅርብ ነው፣ ቅርብ ነው» ትላለች። እማዬ አንድ ቀሚስ ወለሉ ላይ ዘርግታ፣ አፏ በመርፌ ቁልፍ ተሞልቶ፣ ማንንም ሳታይ ትሰካለች። እኔ ሻንጣው ላይ ተቀምጫለሁ። ሰው የተቀመጠበት ሻንጣ አይነሳም ብዬ ነው።

የእማዬ ስልክ ጮኸ። እጇ ስላልተመቻት በክርኗ ነካችውና ድምፁ ለሁላችንም ተለቀቀ።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ከአንቲቫይረስ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ነው። ይቅርታ እህቴ፣ ሰኞ ልደውል ነበር፤ ግን ደብዳቤው ቅዳሜ ስለሚል አላስቻለኝም። ሴትዮዋ እንዴት አደሩ?» አለ አንድ ወጣት ድምፅ።

እማዬ የመርፌ ቁልፎቹን ከአፏ አወጣች። «የትኛዋ ሴትዮ?»

«የታመሙት። እህቴ፣ አደራዎን በመጀመሪያ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። የኛ ምርት ለሰው አይሰጥም።»

«ማነው የታመመው?» አለ አባዬ።

«ዶክተር ነው እንዴ?» አለ አባባ፣ ጆሮውን ወደ ስልኩ እያስጠጋ። «ዶክተር! የጉልበቴን ነገር...»

«ኧረ አይደለሁም አባቴ! ደብዳቤ ደርሶኝ ነው። ላንብበው?»

አነበበው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ቃል ሳይዘል። ወንድሜ «የናንተ መድኃኒት» የሚለው ላይ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ትራስ ውስጥ ቀበረ። «ቧንቧ ከፍታ ታለቅሳለች» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ትራሱን አወረደው። አባዬ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ፤ ጠርጎ ጠርጎ አልጨርስ አለ። ወደ አክስቴ የሚያይ አልነበረም፤ ሁሉም እኔን ነው የሚያየው። ከሻንጣው ላይ አልወረድኩም።

«ሄሎ? አላችሁ?» አለ ልጁ።

«አለን» አለች እማዬ። ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «ወንድሜ፣ የታመመው ኮምፒውተር ነው። የባለቤቴ እህት ላፕቶፕ።»

ልጁ በረጅሙ ተነፈሰ። «ተመስገን! እኔ እኮ... እሺ። እንዲያማ ከሆነ ቀላል ነው። ፈቃዱ የሚቆጥረው ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው። በናንተ ስም አምስት ኮምፒውተር ተመዝግቧል። ቆይ... ከአምስቱ ግን አንዱ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁ አልተሰማም።»

ተያየን። እኔ በተራ ሁሉንም ቆጠርኩ፤ ሁሉም ድምፅ ያሰማሉ።

«የኔ አሮጌው!» አለ አባዬ። «እሱማ ሞቷል እኮ!»

«ማነው የሞተው?» ብዬ ጮህኩ።

አባዬ ወደ እማዬ የስፌት መኪና ጠቆመ። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ አንድ ጥቁር ነገር ተደርጎለታል። እኔ ጡብ ነበር የሚመስለኝ። ላፕቶፕ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ሬሳ ጠረጴዛ ተሸክሞ፣ ከሕያዋን ጋር እየተቆጠረ፣ የአንድ ሰው ቦታ ይዞ ኖሯል።

«ከመዝገቡ ይሰርዙትና ቦታውን ለአዲሱ ይስጡት» አለ ልጁ። «አንድ አሮጌ ይወጣል፣ አንድ አዲስ ይገባል። ፍጹም ሕጋዊ ነው።»

አባባ ብድግ አለ። «በየትኛው አንቀጽ?»

«አንቀጽ ዘጠኝ፣ አባቴ።»

አባባ ውሉን አምጥቶ ገለጠ። ከአንቀጽ ስምንት ቀጥሎ አንቀጽ አሥር። ወረቀቱን በብርሃን አየው፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ ፈተገው፤ ሁለት ገጾች ተጣብቀው ኖረዋል። ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ያገላበጠ ሰው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ይህ በኔ ዘመን ቢሆን...» ብሎ ጀመረና የሚጨርስበት አጥቶ ተቀመጠ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ» አለ ልጁ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ መጠየቅ ግዴታዬ ነው። ሴትዮዋ እዚያው ከናንተ ጋር ነው የሚኖሩት?»

አክስቴ ካፖርቷን ቁልፍ በቁልፍ፣ ከታች ወደ ላይ እየቆለፈች ነበር፤ ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ። አባዬ አፉን ከፈተ።

«አዎ» አለች እማዬ፣ ቀድማው።

«በቋሚነት?»

እማዬ በሩ ሥር ያሉትን ሻንጣዎች አየች። እኔን አየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ አክስቴን ዓይን ለዓይን እያየቻት፣ «በቋሚነት» አለች። «ጻፈው፣ ወንድሜ። በቋሚነት።»

የልጅ ነገር ሆኖብኝ ያኔ የሰማሁት መድኃኒቱ መፈቀዱን ብቻ ነው። ከሻንጣው ላይ ዘልዬ አጨበጨብኩ። አንድ ነገር ግን የገባኝ ትልቅ ሰው ስሆን ነው። በነጻ ለሚገኝ ክራክ እንኳን እጇን ያልዘረጋችው እናቴ፣ ለአንድ ፈቃድ ብላ አንዲት የውሸት ቃል እንደማትናገር ከኛ መሀል የማያውቅ አልነበረም። አክስቴም ታውቃለች። ለዚህ ነው ካፖርቷን እንደለበሰች እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ቧንቧ ሳትከፍት፣ እፊታችን ያለቀሰችው።

«ደብዳቤውን የጻፈው ልጅ አለ?» አለ ስልኩ።

«አለሁ» አልኩ።

«የኔ እህት፣ አክስትሽ ምንም አይሆኑም። ያንቺን ግማሽም አያስፈልግም፤ ለራስሽ ያዢው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር» አልኩት።

ወንድሜ ሻንጣዎቹን ሁለቱንም ባንዴ አንስቶ ወደ ክፍላችን ሲወስድ «ድንጋይ ነው እንዴ የሞላሽው?» እያለ ይነጫነጫል። ከሰዓት በኋላ የአክስቴን ላፕቶፕ አጸዳላት፤ አንድ መቶ አርባ ቫይረስ ነው ያገኘባት፤ ቁጥሩን ለጎረቤት ሁሉ ሲያወራ ከረመ። እኔ ደግሞ አንድ መቶ አርባ ቫይረስ ይዛ በሕይወት የተረፈች ሴት የምተኛበት ክፍል ውስጥ እንዳለች እያሰብኩ ኮራሁ።

የሠርጌ ሰሞን ነው አክስቴ ያን ቅዳሜ ወዴት ልትሄድ እንደነበር የነገረችኝ። ጓደኛ የሚባል አልነበረም። አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዳ፣ ሻንጣዎቿ ላይ ተቀምጣ፣ ወዴት እንደምትሄድ እዚያ ልታስብ ነበር። «መናኸሪያ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የሚሄድበት ያለው ይመስላል፤ ለዚያ ነው የመረጥኩት» አለችኝ።

የዚያን ቅዳሜ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት ሁላችንም ቁርስ ላይ ነን። እማዬ ሻይ ቀዳች፣ እንደ ልማዷ ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምራ አማሰለችና አዳረሰች። አክስቴ አንድ ጊዜ ፉት አለች። ብርጭቆውን አስቀመጠችው። ትንሽ አሰበችና፦

«አንቺ» አለች እማዬን፣ «ይሄ ሻይ ነው ወይስ ማር? ኧረ እንዴት ነው የሚጠጣው!»

አባዬ ዳቦው አፉ ላይ ቀረ። እማዬ ማንኪያዋን እንደያዘች ዞር አለች።

«ስምንት ወር ሙሉ ስትጠጪው?»

«ስምንት ወር ሙሉ ጉሮሮዬን ሲዘጋኝ!»

«ታዲያ አፍ የለሽም? ለምን አትናገሪም ነበር?»

«አሁን ተናገርኩ አይደል? ለኔ አንድ ማንኪያ ነው። እሱንም ራሴ ነው የምጨምረው!»

«ጨምሪያ! ማን ያዘሽ!» ብላ እማዬ ስኳሩን ጠረጴዛው ላይ ገፋችላት። ቃሏ የቁጣ ነው፤ ፊቷን ግን ወደ ምድጃው አዙራ ስትስቅ ከጎን አየኋት። አክስቴ ተነሳች፤ ማንንም ሳታስፈቅድ ሻይዋን ደፋችውና ለራሷ ሌላ ቀዳች።